ቅናቴን ይዤ ወደ ከሚሴ

ርዕሰ መምህራችን በስብሰባ ላይ «ተግባራዊ ምርምር፣ የክፍልን ችግር እየሞከሩ መፍታት ማለት፣ ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ከሚሴ ሄዶ የዘሃራን ክፍል ይይ» አለና እንድሄድ የመረጠው እኔን ነው። ዘሃራ የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት። ያኔ ከፈተና በፊት እየመጣች «ሰብልዬ፣ አስረጂኝ» የምትለኝ እሷ ነበረች። አሁን ሁለታችንም አምስተኛ ክፍል አማርኛ እናስተምራለን፣ እሷ ከሚሴ፣ እኔ ኮምቦልቻ። የእሷን ክፍል ለማየት መምህራን ከየቦታው ይመላለሳሉ፤ የእኔን ብሎ የመጣ የለም። ስለዚህ ቦርሳዬን ስሸክፍ የምማረውን ሳይሆን የማገኝባትን እንከን እያሰብኩ ነበር።

ማለዳ፣ መንገድ ላይ

የሚኒባሱ ረዳት ከታሪፍ በላይ ሲጠይቅ ሁሉም አጉረመረመ፣ ሁሉም ከፈለ። ሐርቡን እንዳለፍን ሙቀቱ ገባ፤ መስኮቶቹ ተከፈቱ። የጨፋ ሸለቆ ተዘርግቶ ታየ። ማሽላው ራሱን ደፍቶ አጨዳ ይጠብቃል፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ከብቶች እስከ ሆዳቸው ሣር ውስጥ ገብተዋል። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ፓፓያ የሞላ ከረጢት ያቀፉ አዛውንት የማን እንግዳ እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

«የአንዲት መምህር። ዘሃራ ትባላለች።»

«ዘሃራ? የልጅ ልጄ አስተማሪ! አማርኛ ሲሉት አፉ የሚታሰር ልጅ ነበር። ዛሬ ወላሂ፣ ዝም በል ቢሉትም አይሰማ። አላህ ዕድሜ ይስጣት!»

«አሜን» ሳልል ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ረፋድ፣ ትምህርት ቤቱ

ዘሃራ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አካም ጅርታ፣ ሰብልዬ! ቤተሰብ ደህና?» ብላ አቀፈችኝ። ወደ ክፍሉ እየሄድን ነገሩን አስረዳችኝ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ መልሱን እያወቁ፣ እንዳይሳሳቱ ፈርተው ዝም ይሉ ነበር።

«መጀመሪያ ጎበዙን ከደካማው ጋር አስቀመጥኩ» አለች። «ባሰ! ጎበዙ ብቻውን ያወራል፣ ሌላው ጭራሽ ተኛ። ያን ተውኩትና ጥንዶቹን ራሳቸው እንዲመርጡ አደረግኩ። መጀመሪያ በኦሮምኛ ይመካከራሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ይናገራሉ። አሁን እሱን እየሞከርኩ ነው።»

ኋላ ተቀመጥኩ። ዘሃራ ሰንበቴ ገበያ ላይ ስለጠፋች ፍየል አጭር ታሪክ አነበበች። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተንሾካሾኩ፤ ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ፍየሏ አልጠፋችም፣ ሻጩ ነው የዋሸው!» አለ። ሌላው ተቃወመው። ተከራከሩ፣ ያውም በአማርኛ። የእኔ ክፍል ትዝ አለኝ፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ የእኔ ድምፅ ብቻ።

ያን ጊዜ የፈለግሁትን አገኘሁ። በግራ ግድግዳ ጥግ የተቀመጡ ሴት ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ፣ ይደክማቸዋል፣ ያወርዳሉ። ዘሃራ ወደዚያ አንዴም አልዞረችም። ደስ አለኝ፤ አላፍርም፣ ደስ አለኝ።

መምህራን ማረፊያ፣ ባልደረቦቿ ፊት ነገርኳት። «የሚናገሩት ያው የሚናገሩት ናቸው። ግድግዳው ጥግ ያሉትን ሴቶች አንዳቸውንም አልጠራሻቸውም።»

ፊቷ እስኪጠቁር ጠበቅሁ።

«ወላሂ በይ?»

«ወላሂ» አልኩ፣ ክርስቲያኗ።

«ይኸው! የመጣው መምህር ሁሉ ጎበዝ ብሎኝ ይሄዳል። አንቺ ብቻ አየሽልኝ።» እጄን ይዛ ወደ ምግብ ቤት ወሰደችኝ። የፍየል ጥብስ በማሽላ እንጀራ ጋበዘችኝ። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን አልወረደልኝም።

ማግስቱ

ቤቷ አድሬ ጠዋት እንደገና ገባሁ። ዘሃራ በዚህ ቀን ከግድግዳው ጥግ ጀመረች። ሰሚራ የምትባል ልጅ ተነሳች። ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ ጓደኛዋ ጆሮዋ ላይ አንድ ቃል አቀበለቻት፣ ቀጠለች፣ ጨረሰች። ከዚያ አጠገቧ ያለችው ሳትጠራ ብድግ አለች። ዘሃራ ወደ እኔ ዞራ «ይህን ያሳየችኝ እንግዳችን ናት» አለች፤ ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ልጎዳት የወረወርኩትን ድንጋይ አንስታ ቤት ሠራችበት። ከክፍሏ ይልቅ በዚህ ልቧ የባሰ ቀናሁ።

መናኸሪያ ስትሸኘኝ «የአንቺንስ ክፍል ማን ያይልሻል? ልምጣ?» አለችኝ።

«አያስፈልግም» አልኩ፣ ቶሎ ብዬ።

ኮምቦልቻ

ይህ መልሴ እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ዘሃራ የምትበልጠኝ በብልሃት መስሎኝ ነበር የሄድኩት። የምትበልጠኝ ግን ጉድለቷን የሚያይላትን ሰው ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ ማስተማር በመቻሏ ነው።

ሰኞ ዕለት ከጎኔ ባለው ክፍል የሚያስተምሩትን ጋሽ ይማምን፣ ኋላ ተቀምጠው እንዲያዩኝ ለመንኳቸው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቹ ዝም የሚሉት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፣ ሰብለ። ጠይቀሽ ሳትጨርሺ ራስሽ ትመልሺዋለሽ።»

ዘሃራ ብትሆን ስቃ እጃቸውን ትይዝ ነበር። እኔ ጥቁር ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ፤ የጠፋውንም ደግሜ አጠፋሁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ጠራኋቸው።

«ጋሽ ይማም፣ ነገም ይመጡልኛል?»