ጮክ በይ፣ እናትሽ ትስማ

ብዙ ሰው ከአገር የሚወጣው በሌሊት ተደብቆ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳችንን በልተን፣ እማዬን «ደሴ ሰርግ ተጠርተናል» ብለን ዋሽተናት ነው የወጣነው። የሰለሞንን ሸሚዝ ራሷ ተኩሳ አለበሰችው። «ደሴ ብርድ ነው፣ ሹራብ ያዙ፤ ሰርጉ ሲያልቅ ደግሞ ቶሎ ኑ» ብላ በር ላይ ቆማ ሸኘችን። እሷን መዋሸት የጀመርኩት ያን ቀን ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላቆምኩም። ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አሁን የምኖረው ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ፣ የካውንስል ቤት ውስጥ ነው፤ የእኛ አገር የቀበሌ ቤት በሉት። ባለቤቴ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ይሠራል። ልጃችን ሶስና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ግማሽ በግማሽ ነው። ባለፈው እሑድ አባቷ ሺፍት ስለነበረው እኔና እሷ ብቻ በባቡር ወደ ባሕር ሄድን። እዚህ አገር ፀሐይ ለሁለት ሰዓት ብቅ ካለች ሰዉ ልብሱን አውልቆ ወደ ባሕር ይሮጣል። ባሕር ብሎ ነገር! ውሃው ድፍርስ፣ ንፋሱ ጆሮ የሚቆርጥ፣ ድንች ጥብሱ ላይ ደግሞ ኮምጣጤ ያርከፈክፉበታል፤ ምነው ሚጥሚጣ ባወቁ! እኔ ለባሕሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«ማሚ፣ ለምን አታዪውም? ሶ ናይስ ነው!»

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

ከባሕሩ በላይ፣ ኮረብታው ላይ የፈረሰ የጥንት ግንብ አለ፤ ካስል ይሉታል። እሱን ካላየን ብላ ጎተተችኝ። በሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ትኬት ቁረጡ አለችን።

«ጣሪያ የለውም እኮ» አልኳት።

«አዎ፣ ስምንት መቶ ዓመቱ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የሚጠግነው ጠፋ?»

ሴትዮዋ ፈገግ እንኳ ሳትል «ካርታ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። እኔ ከእንዲህ ያለ ቦታ ለመውጣት ነበር የተከፈለልኝ፤ ለመግባት ሲከፈል ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው።

በበረሃ ያሻገሩን ደላሎች ሊቢያ ላይ ያጎሩን ባሕሩ አጠገብ፣ ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ፍርስራሽ ውስጥ ነበር። ማስለቀቂያ ገንዘብ እንድትልክ ለእማዬ ይደውሉና ስልኩን ሰለሞን አፍ ሥር እኔ እንድይዝ ያስገድዱኛል። ከዚያ ገልብጠው ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉታል። «ጮክ በል፣ እናትህ ትስማ!» ይሉታል በተሰባበረ አማርኛ። ጮኸ። ሰማች። ቤቷን ሸጠች። ገንዘቡ ሲደርስ ሰለሞን ከሞተ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ በዚያው ገንዘብ እኔን ለቀቁኝ። ለእማዬ «እስር ቤት ነው፣ ደህና ነው» አልኳት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። ማንን ልላክ? ደግሞስ ገንዘቡ ዘግይቶ እንደሆነ ብትሰማ አንድ ቀን ታድራለች? እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ።

ካስሉ ግቢ ውስጥ ፊቱን ጥላሸት የተቀባ፣ ቆዳ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ ሕፃናት ሰብስቦ ያስቃል። የድሮ እስር ቤት ጠባቂ መሆኑ ነው። «እስረኛ የሚሆን?» ሲል ሶስና እየዘለለች እጇን አወጣች። በሰንሰለት አስሮ አንበረከካት። «ይህችን እስረኛ ማን ከፍሎ ያስፈታታል?» አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አለንጋውን መሬት ላይ አጮኸውና «ጮክ በይ፣ እናትሽ ትስማ!» አላት በእንግሊዝኛው።

ሶስና ጮኸች። እየሳቀች ነው የጮኸችው፤ ይሄን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን እጄ ላይ የነበረውን የሻይ ፔርሙስ ግንባሩ ላይ አሳረፍኩበት። ወደቀ። ደገምኩት። ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ሰዎች ከኋላ እየጎተቱኝ፣ ፀጉሩን አልለቅም ብዬ እረግጠው ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ተጠርቶ የመጣው ፖሊስ ገና ልጅ ነው።

«ፔርሙሱ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ሻይ።»

«ሌላስ?»

«ቅርንፉድ።»

ጻፈው።

«ማዳም፣ ሰውዬው እኮ አክተር ነው። ሥራው ነው።»

«የእነዚያም ሥራቸው ነበር።»

«የእነማን?»

ያኔ ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ዘረገፍኩት፤ ወንድሜን፣ ገመዱን፣ ሁለት ቀን የዘገየውን ገንዘብ። ሶስና አጠገቤ መሆኗን ረስቼው ነበር። ሰውዬው ግንባሩን በፋሻ ይዞ ሲሰማኝ ቆየና «አልከሳትም፣ ወደ ቤቷ ትሂድ» አለ። ይቅርታ እንኳ ሳልለው ሶስናን ይዤ ወጣሁ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ስልኬ ጠራ። እሑድ እማዬ የምትደውልበት ቀን ነው። ሶስና ቀድማኝ አነሳችና ስፒከር ላይ አደረገችው።

«የኔ ማር፣ ባሕሩ እንዴት ነበር?»

«እማማ፣ ማሚ ሰውዬ መታች። በጣም ስላዘነች ነው። አጎቴ ሰለሞን ስለሞተ። አይ አም ሶ ሶሪ፣ እማማ።»

በጥፊ ላጮላት እጄን አነሳሁ። እዚያው አየር ላይ ቀረ። ከስልኩ እሪታው መጣ። እማዬ ደረቷን ስትደቃ ድው ድው ይላል፤ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ጎረቤቶች «ምን ሆኑ? ምን ሆኑ?» እያሉ ሲገቡ ይሰማኛል። ፊት ለፊቴ ጋዜጣ የያዘ ሽማግሌ ፉርጎው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን «ጸጥታ» የሚል ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ።

«እናቴ ናት። ልጇ ሞቶባት ነው» አልኩት።

ደነገጠ። «መቼ?»

«አሁን።»

ጋዜጣውን አጥፎ አቀረቀረ። እኔም ስልኩን አልዘጋሁም። ብዙ ከቆየ በኋላ እማዬ ስልኩን ከአንዷ ጎረቤት ነጥቃ ተቀበለች መሰለኝ፣ ድምጿ ቀረበ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ገንዘቡን አዘግይቼበት ነው?»

«አይደለም፣ እማዬ። በሰዓቱ ደርሷል። በሽታ ነው የገደለው።»

ሶስና ቀና ብላ አየችኝ። ለፖሊሱ ያልኩትን አንድ በአንድ ሰምታለች። አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችውና እጄን ያዘችኝ።