ለዓረቡ ንጉሥ የጻፍኩት አቤቱታ

ንጉሡ ሲሞቱ እኔ ኦስሎ፣ ቫይትቬት ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰው መስኮት እወለውል ነበር። ሥራዬ ነው፤ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ቤት አጸዳለሁ፣ ምግብ አሞቃለሁ፣ ደብዳቤያቸውን ከታች ሳጥን አምጥቼ አነብላቸዋለሁ። የዚያ ቤት ባለቤት ኤርትራዊ ናቸው፤ አቦይ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ጓለይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ይሉኛል። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ደረጃውን መውረድ ስለማይችሉ ክረምቱን ሙሉ አልወጡም። ኦምሶርግስቡሊ፣ ማለትም አዛውንቶች እየተረዱ የሚኖሩበት ምድር ቤት፣ እንዲሰጣቸው አመልክተው መልሱን በየቀኑ ይጠብቃሉ።

በዓረብኛው ቴሌቪዥን ዜናው ተቋርጦ ቁርኣን መቀራት ሲጀምር አቦይ መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ።

«ምን ሆኑ አቦይ?»

«ጌታዬ ሞቱ፣ ጓለይ። ሃያ ዓመት መኪናቸውን ነድቻለሁ።»

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። እኔም በልጅነቴ በእኚሁ ንጉሥ ከተማ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፎቶአቸው ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሎ በየጠዋቱ ፊታቸውን እወለውል ነበር። አራት ዓመት የሰው ፊት ስትወለውል ኖረህ ስለ ሰውየው ምንም አለማወቅ ያንገበግባል። ማን ያርዳ የቀበረ ነውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ጥያቄ ይዤ እመጣ ጀመር።

አቦይም ሳይሰስቱ ነገሩኝ። ንጉሡ የተወለዱት ድንኳን ውስጥ ነው። አጎታቸው ከዙፋን ወርደው እሳቸው ሲነግሡ ገና ጢማቸው በቅጡ አልበቀለም ነበር። ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ የሴቶች ትምህርት ቤት አሠሩ፤ መጀመሪያ የላኩትም የገዛ ልጃቸውን ነው። ቤተ መንግሥቱን በሙሉ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አስገጥመው ሲያበቁ ራሳቸው ብርዱን ጠልተው በረሃ ወጥተው ያድሩ ነበር። ጥርስ ሐኪም ይፈሩ ነበር። ግመሎቻቸውን አንድ በአንድ በስም ይጠራሉ፤ የልጆቻቸውን ስም ግን ያምታታሉ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ በር ለሁሉም ይከፈታል፤ እረኛም ይሁን ነጋዴ ገብቶ ትከሻቸውን ስሞ አቤቱታውን በእጃቸው ያስይዛል።

«ሁሉንም ያነቡት ነበር?» አልኳቸው።

«ሁሉንም። በመኪና ውስጥ ሳይቀር።»

ይህን ስሰማ ነው የራሴን ታሪክ ያወጣሁት። አሠሪዬ ፓስፖርቴን ቆልፋበት፣ እናቴ አገር ቤት በጠና ታማ፣ ልሂድ ብል እምቢ ብላኝ ነበር። እኔም አባቴ እንደነገረኝ አደረግኩ። በእኛ አገር፣ ንጉሥ በነበረ ጊዜ፣ የተበደለ ሰው የንጉሥ መኪና ፊት ቆሞ አቤት ይል፣ ወረቀቱንም ይወረውር ነበር። የትም ያለ ንጉሥ እንደዚያ የሚሰማ መስሎኝ ብሶቴን በአማርኛ ጻፍኩት። ሌላ ጽሕፈት አላውቅም፤ ንጉሥ ደግሞ አንባቢ አያጣም ብዬ ነበር። አንድ ሐሙስ ዳቦ ልገዛ ስላክ ጥቁሩ መኪና ሲመጣ አየሁና «አቤት! አቤት!» ብዬ ወረወርኩት። መኪናው ቆመ። ጠባቂ ወርዶ ወረቀቱን አነሣ። መልስ ግን አልመጣም። እናቴ ሞተች፤ አልቀበርኳትም። ኋላ አሠሪዎቼ ለሽርሽር አውሮፓ ሲወስዱኝ ጠፍቼ ይኸው ኦስሎ ገባሁ።

አቦይ ፀጉሬን አተኩረው አዩ። ከዚያ «ቀይ ሻሽ ነበር ያሰርሽው» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ንጉሡ ከጎኔ ነበር የሚቀመጡት። ‹ይህ የአገርህ ጽሕፈት አይደለም ወይ? አንብብልኝ› አሉኝ። አስመራ የተማርኩት በአማርኛ ነውና አነበብኩት። የአሠሪሽን ስም ጽፈሻል። የንጉሡ ዘመድ ናት። የሦስት ልጆች አባት ነበርኩ፤ ከነገሩ ጦም እደሩ አልኩ። ‹ረጅም ዕድሜ እየለመነችልዎ ነው› አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«በጣም ደስ አላቸው። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እያልኩ ይህን ሁሉ ዘመን በሆዴ ስከሳቸው የኖርኩት ለካ ወረቀቱ ምን እንደሚል እንኳን የማያውቁ ሰው ናቸው! ሳህኑን ሳላጥብ ጥዬ ወጣሁ። ሊንደሩድ ሰፈር ያለው ቤቴ እስክደርስ በእግሬ ሄድኩ፤ ተናድጄ አለቀስኩ። አልመለስም ብዬም ነበር። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ንጉሡ ያንን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ሌላ ቀን አይተውት ይሆን? ማክሰኞ ሲደርስ ሄድኩ።

ሳጥኑ ውስጥ ሲጠብቁት የነበረው ደብዳቤ መጥቶ አገኘሁት። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ በእርዳታ በቤታቸው መኖር ስለሚችሉ ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ወደ ላይ ወጣሁ። ጥያቄዬን ከበሩ ሳላልፍ ጠየቅኳቸው።

«ሲያወጡት አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ዓይናቸው ግን እጄ ላይ ነበር። «እሱ ምን ይላል?»

እጃቸውን ወደ ደብዳቤው ዘረጉ። ማመልከቻው ገና እየታየ ነው ልል ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ መኪና ውስጥ አቦይን ምን እንደያዛቸው በመጠኑ ገባኝ፤ ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቤ ከፊታቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው።

«ኔይ፣ አይሆንም፣ ብለዋል ማለት ነው» አሉ።

«ኔይ ብለዋል። ግን ታች ላይ ክላገ ማቅረብ ይቻላል ይላል። ይግባኝ ነው።»

«እነሱስ ያነቡታል?»

«በቋንቋቸው እጽፈዋለሁ። እርስዎ የሚሉትን፣ እንዳሉት።»

ብዕር አወጣሁ። አቦይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጀርባቸውን አቀኑ፤ «ለተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ ቤታችሁን ይባርክ፣ ልጆቻችሁን…» እያሉ ቀጠሉ። አንዱንም አልጻፍኩም።

«ምርቃቱን ይተዉት፣ አቦይ» አልኳቸው። «ስለ ጉልበትዎ ይንገሯቸው።»