ሃምሳ አለቃው ተመደበ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጎንደር ከተማ ፖሊስ ሆኖ ኖሮ በሃምሳ አለቃ ማዕረግ ጡረታ ወጣ። ዛሬ እርጅናው ብዙ ነገር አስረስቶታል፤ የእኔ ስም እንኳ አንዳንዴ ይጠፋበታል። ጠዋት ጠዋት ግን ጫማውን ወልውሎ "ዛሬ የት ተመደብሁ?" ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ከአራዳ ሰፈር ጥበቃ ሲመለስ ቆቡን አናቴ ላይ ያደርግልኝ ነበር። የቆቡ የላብና የሳሙና ሽታ አሁንም ትዝ ይለኛል።

በቅርቡ አዲስ የተሾሙት የፖሊስ አዛዥ የሰፈሩን ሰው ለስብሰባ ጠሩ። አባቴን ብቻውን ትቼው መሄድ ስለማልችል ይዤው ሄድሁ። አዛዡ ተጠሪነታቸው ለከተማው አስተዳደር እንደሆነ፣ አዳዲስ ፖሊሶችም እንዴት ተመልምለው ለየሰፈሩ እንደሚመደቡ አስረዱንና "ጥያቄ ያለው?" አሉ።

አባቴ ብድግ አለ።

"ጌታዬ፣ ለሁሉም ሰፈር ሰው ሲመደብ እኔ ምነው ተረሳሁ?"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ በእፍረት ኮቱን እየጎተትሁ "አባባ፣ ተቀመጥ" እለዋለሁ፤ እሱ ወታደራዊ ሰላምታ እንደሰጠ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አዛዡ ግን አልሳቁም። ስሙንና ቤቱን ጠየቁትና "ሃምሳ አለቃ፣ ነገ ጠዋት አራዳ ላይ ተረኛ ነዎት" አሉት።

ለማባበል ያሉት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ማልዶ የፖሊስ መኪና በራችን ላይ ቆመ። አንዲት ወጣት ፖሊስ ወርዳ "ሃምሳ አለቃን ልወስድ ነው የመጣሁት" አለችኝ። አባቴ ከኋላዬ ብቅ አለ።

"ምነው ዘገያችሁ?" አላት።