የጣታችን ደም መልስ

ከሰቆጣ ልወጣ ስል፣ አውቶቡሱ ጥሎኝ እንዳይሄድ ፈርቼ ማታውኑ ካፖርቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ ተኛሁ። ሰባን ያለፍኩ ጅል። ሲነጋ በላብ ተጠምቄ ስነሳ ጎረቤቴ ወባ የያዘኝ መስሏት አለቀሰችልኝ። ከጽጽቃ ልትሸኘኝ የመጣችው እህቴ ሙሉ ግን አላለቀሰችም።

"ጋሼ፣ የጣታችንን ደም ነገር አደራ" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ፍሬ፣ ወባ ለምን መድኃኒት እንቢ እንደሚል የምታጠና ጀማሪ ተመራማሪ ናት። ከጓደኞቿ ጋር ወደ ተከዜ ቆላ ወርደው ከየሰዉ ጣት ጠብታ ደም ሲወስዱ፣ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። "መልሱ ይመጣላችኋል" አሉ፤ እኔም አልኩ። ደሙ ጀርመን ሄደ። ልጄ ደሙን ተከተለች። እኔም ሚስቴ ከሞተች ወዲያ ብቻዬን ነበርኩና ልጄን ተከተልኩ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አታሞቅም፤ እንደኔ ጡረታ ወጥታለች። ዳቧቸው ጥርስ ይነቅላል፣ የአገሬን የደሃና ወረዳ ገብስ ቂጣ ምነው ባገኘሁ። ጎረቤቴን "እንዴት አደሩ" ብለው ደንግጦ በሩን ዘጋብኝ።

አከራያችን የልጄን ሥራ ሰምታ "ወባዋን ቤት ይዛት ትመጣለች እንዴ?" አለችኝ።

"በዚህ ኪራይ? አትችለውም" አልኳት፣ ልጄ እያስተረጎመች። አልሳቀችም።

የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬም "የልጅዎ ሥራ ሲያልቅ ትሄዳላችሁ። ለመሆኑ ወባው መቼ ያልቃል?" አለኝ።

"ወባውማ አያልቅም ጌታው። የሚያልቀው በጀቱ ነው።"

እሱም አልሳቀም። እንዳፌም ሆነ፤ ዘንድሮ የፍሬን ውል አላደሱላትም። አብረዋት የጀመሩትም ተበትነዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሙሉ ደወለች። ፍሬም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ጋሼ፣ ልጄ ካሳ ክኒኑን አንድም ሳያስቀር ውጦ ነበር። ትኩሳቱ ተመልሶ መጣበት። የደማችን መልስ ምን ሆነ?"

መልሱማ ከተገኘ ሰነበተ፤ ወባው ያንን ክኒን ተላምዶታል። በምትኩ የሚሰጠው መድኃኒት ግን እነሙሉ ዘንድ አልደረሰም።

"አክስቴ፣ ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ውሰዱት" አለች ፍሬ።

"በቃሬዛ ተሸክመን አድርሰነው እኮ ነው የምደውል፣ የኔ ልጅ። ያለን ያው ክኒን ነው አሉን።"

ፍሬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ለቀብር እንኳ ቀልድ የማላጣው ሰውዬ ስልኩን ብቻ አጥብቄ ያዝኩ።

"ደግሞ አዲስ ልጆች መጥተዋል" አለች ሙሉ። "እንደ ፍሬ ጀማሪዎች ናቸው። ጣታችሁን ስጡን ይላሉ። ሰዉ ጋሼን ጠይቂልን ብሎኛል። እንስጥ?"

ፍሬ ፊቷን ሳትመልስ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

"ስጡ" አልኩ።

"መልሱ ይመጣል ልበላቸው?"

ከወዲያ የካሳ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ አሉ ወይ?"

"አለሁ" አልኳት።