ብቻውን የሚሻገር ባቡር

የኦርቪል ቲያደን ስም በተነሳ ቁጥር የሚወራው አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩን ሰው ሳይኖርበት ብቻውን ድልድይ ያሻግራል ይባላል። እኔም በየሄድኩበት ሳወራው ኖሬያለሁ።

ትልቁ ኩባንያ ከስሮ ሀዲዱን ለአረም ጥሎት ሲሄድ፣ እኛ የሃርመን አካባቢ ገበሬዎች ተዋጥተን ገዛነው። ፉርጎ የሚጎትት አንድ ያረጀ ሎኮሞቲቭ፣ ጥቂት የበቆሎ ፉርጎ፣ አንድ ነጂና አንድ ረዳት፤ ድርጅታችን ይኸው ነበር። የዊሎ ወንዝ የእንጨት ድልድይ ግን ሲያዩት ያስፈራል። ለጥገናው ገንዘብ እናዋጣ በተባለ ቁጥር ስብሰባው ላይ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። ስለዚህ ነጂው ኦርቪል የራሱን ዘዴ አመጣ። ረዳቱ በእግሩ ቀድሞ ይሻገራል፤ ኦርቪል ሎኮሞቲቩን በሰው እርምጃ ፍጥነት ለቆት ይወርዳል፤ ረዳቱ ማዶ ላይ ተንጠላጥሎ ይሳፈርና ፍሬን ይይዛል። ድልድዩ ቢደረመስ የሚሰጥመው ብረት ብቻ ነው።

አሮጌው ረዳት ሌስተር ጡረታ ሲወጣ የኦርቪል እህት ልጅ ዳርላ ተተካች። የመጀመሪያ ቀኗ በረዶው በሚቀልጥበት ሰሞን ዋለ። ወንዙ ሞልቶ፣ የበረዶ ግግር የድልድዩን እግሮች ይደበድባል። ጎተራችን ውስጥ ደግሞ በቆሎው መሻገት ጀምሯል፤ ዛሬውኑ መሄድ ነበረበት።

የጎተራው ኃላፊ ነኝና ከዳርላ ጋር ተሻግሬ ማዶ ቆምኩ። ከኋላችን ራቅ ብሎ ሀዲዱ አስፋልቱን ያቋርጣል፤ የተማሪዎች አውቶቡስ የሚያልፍበት ሰዓት ነበር። ባቡሩን ካልያዘችው ቀጥታ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

"ቢያመልጠኝስ?" አለችኝ።

"ሌስተር በዚያ ቦርጩ ሲይዘው ኖሯል፤ አንቺ ምን ትሆኛለሽ?" አልኳት።

ሎኮሞቲቩ ከዛፎቹ ጀርባ ብቅ አለ። ድልድዩ ላይ ሲወጣ የእንጨቱ መንጫጫት እግሬ ሥር ድረስ ተሰማኝ። መሀል ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ዘመም አለ፤ አበቃለት አልኩ። እንደምንም ተሻገረ፤ ፉርጎዎቹም ተከተሉት። ዳርላ ሮጣ መሰላሉን ጨበጠች። ብረቱ እርጥብ ነበርና እጇ አዳለጣት፤ ጭቃው ላይ ተዘረረች።

ባቡሩ አልፏት ሄደ። ቢጫው አውቶቡስ ከዳገቱ ሲወርድ አየሁ። እያለከለክሁ ሮጥኩ፤ ግን የት ልደርስ ነው? ማልቀስ አማረኝ።

በዚህ መሀል የፍሬን ድምፅ ሰማሁ። ባቡሩ አስፋልቱ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ኦርቪልም በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አደረገ።

ዳርላ ከነጭቃዋ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

"አልወረድክም?"

"ወርጄም አላውቅ። ሰው የሌለበት ባቡር ወደ መንገድ ይለቀቃል እንዴ?"

"ሌስተር ያውቃል?"

"በየጊዜው ሲሰድበኝ ነው የኖረው። ደግነቱ ምስጢር ከአፉ አይሾልክም።"

"ታዲያ ያዢው ብለህ እኔን ለምን አስሮጥከኝ?"

"ባቡሩ ሲሻገር ድልድዩ ላይ እንዳትሆኚ ነዋ።"

በማግስቱ ባዶ ፉርጎዎቹን ይዘው ሲመለሱ፣ ማዶ ድልድዩ አፋፍ ላይ ሲቆሙ እኔ በእኛ በኩል ሆኜ አየኋቸው። ኦርቪል ኋላ እንደነገረኝ፣ ውረጂ ሲላት ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

"አንተ ስትወርድ እወርዳለሁ" አለችው።

ለመናት፣ ተቆጣት፣ ለእናትሽ እነግራለሁ አላት። እሷ ሳንድዊቿን አውጥታ መብላት ጀመረች። ያ ስንት ጎርፍ ያላስደነገጠው ሰው ያኔ እጅ ሰጠ። ሞተሩን አጠፋ፣ ያለሱ ባቡሩ የማይነቃነቀውን የማርሹን እጀታ ነቀለና ሁለቱም በእግራቸው ተሻግረው መጡ።

እጀታውን እጄ ላይ አኖረው። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ባቡራችሁ ማዶ ነው" አለኝ። "እሷን ጭኜ አልሻገርም፤ እሷ ደግሞ እኔ ካልወረድኩ አልወርድም ብላለች። ለገበሬዎቹ ንገራቸው።"

በዚያው ሳምንት ለድልድዩ ጥገና ገንዘብ እናዋጣ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ዳርላ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ ለማየት የደፈረ አልተገኘም።