ከቅዳሴ በኋላ በአንድ እፍኝ

መጀመሪያ የመጣብኝ ብርድ ነው። ታኅሣሥ ነበርና ማንም ልብ አላለውም። የጎንደር ታኅሣሥ ጠዋቱ ይበርዳል፣ ቀትሩ ግን ፀሐይ ነው። እኔ በዚያ በቀትሩ ፀሐይ፣ ፒያሳ አጠገብ ባለችው የልብስ ስፌት ክፍሌ በር ላይ ጋቢ ተከናንቤ እንቀጠቀጥ ነበር። ደንበኞቼ ወባ ይሆን ይሉኝ ጀመር። ቀጥሎ ድምፄ ጎረነነ፤ ቀጥሎ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ መቅረት አመጣ። ሐዘኑ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሐዘን የምለውም ሌላ ቃል አጥቼ ነው እንጂ፣ የምር ማዘን ብችል ኖሮ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ሁለት ወር ግድም ቀደም ብሎ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አድርጌ ነበር። የተወለድኩት ዳባት፣ ደጋው ላይ ነው፤ በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም። እናቴ የእሷን በነጠላ ጫፍ ሸፍና ኖራ ሞተች። የእኔው ትንፋሽ ሲከለክለኝ ጊዜ ወጣልኝ። ሐኪሞቹ የታይሮይድ ዕጢዬን ከሞላ ጎደል ሙሉውን እንዳወጡት ነገሩኝ፤ ዕጢው ይሠራው የነበረውን ሆርሞንም ከእንግዲህ ዕድሜ ልኬን በክኒን እተካለሁ። ክኒኑ ሌቮታይሮክሲን ይባላል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጣል። ሌላው ካልሲየም ነው፤ እሱ ከምግብ ጋር፣ ከመጀመሪያው ቢያንስ በአራት ሰዓት ተራርቆ። ይህን ሁሉ በትክክል ነግረውኛል፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው።

ባለቤቴ ቄስ ይርጋ ናቸው። በሰው ፊት «እርስዎ» እላቸዋለሁ፣ ቤት ስንገባ ግን «አንተ» ነው፤ እዚህም ቤት እንዳለሁ ሆኜ ብጽፍ ይቀለኛል። በእኛ ቤት በጾም ቀን ከቅዳሴ በፊት ውኃ እንኳ አይቀመስም። ስለዚህ ጾመ ነቢያት ሲገባ መድኃኒቱን በራሴ ሥርዓት አደላደልኩት። የቄስ ሚስት በጠዋት ውኃ ስትጨልጥ ብትታይ ጎረቤት ምን ይላል? ደግሞም ክኒኑን አልተውኩም፣ ሰዓቱን ብቻ ነው ያዛወርኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሲያበቃ የጠዋቱንም የቀኑንም በአንድ እፍኝ አድርጌ ከሽሮው ጋር አወራርደው ጀመር። አንድም ቀን አላጎደልኩም። ጾሙ ሲፈታም ልማዱ አልለቀቀኝም፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ ውጦ መገላገል የመሰለ ነገር የለም። ባለቤቴ ጎሕ ሳይቀድ ለኪዳን ስለሚወጣ ሰዓቱን ማዛወሬን አላየም።

ጥር ላይ ልጄን መስማት አቆምኩ። ጆሮዬ ደህና ነው። ማኅሌት ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ማን ከማን እንደተጣላ ሳትነግረኝ ቦርሳዋን አታወርድም። እኔ ግድግዳውን አያለሁ። አንድ ቀን ወሬዋን መሀል ላይ አቋርጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ወሬው ለአባቷ ብቻ ሆነ። ጥምቀት መጣ፣ ካህናቱ እኔ የሰፋሁትን ካባ ለብሰው በደጃችን አለፉ፣ እኔ ከአልጋዬ አልተነሣሁም። ሞትን አልተመኘሁም። መኖርንም አልተመኘሁም።

ባለቤቴ ማራኪ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሙ ታጋሽ ሰው ነበር። ድብርት መሆኑን ነገረኝ፣ ፍሉኦክሲቲን የሚባል መድኃኒት ጻፈልኝ። የእንቅርቱን ክኒን በሥርዓት እወስድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በየቀኑ አልኩት። እውነቴን ነው። ስንት ሰዓት፣ ከምንስ ጋር የሚለው አልተነሣም፤ እኔም የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። የሆርሞኑን መጠን የሚያሳይ የደም ምርመራም አዞልኝ ነበር፤ ከቤት መውጣት ተራራ ሆኖብኝ ሳላደርገው ሰነበትኩ። ፍሉኦክሲቲኑ እፍኙ ውስጥ ተጨመረ።

ሁዳዴ ገባ። ለውጥ የለም። ሐኪሙ መጠኑን ከፍ አደረገው። አሁንም ለውጥ የለም፤ ጭራሽ ጭኔንና ትከሻዬን ይቆረጥመኝ ጀመር። መድኃኒቱ እንኳ ካልረዳኝ በቃ እኔ እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው አልኩ። ያን ጊዜ የፈራሁት ይህን ብቻ ነበር። ልጄ ቤት ውስጥ እናት እያላት ያለ እናት ልታድግ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አያ ደሴ ሊጠይቀኝ ከዳባት ወረደ። በእኛ አገር በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ማር ይዟል፣ በሶ ይዟል፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ክኒኖችም ይዟል። አምና ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ከታዘዘለት የተረፈው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ያዳነ መድኃኒት አይጣልም፤ ለሚቀጥለው በሽተኛ ይቀመጣል። መጣል እንደ ግፍ ነው የሚቆጠረው።

«ሸጋ መድኃኒት ነው እታለም» አለኝ። «አጥንቴ ተሰብሮ እንቅልፍ የሰጠኝ እሱ ነው። ምነው አንቺንስ አያሽርሽ?»

ስሙ ትራማዶል ነበር። እሱም እፍኙ ውስጥ ገባ።

በመጀመሪያው ቀን አቅለሸለሸኝ። በማግስቱ አላበኝ። ያ ሁሉ ወር አልለቅ ያለኝ ብርድ ጠፍቶ ተቃጠልኩ። ሆዴ ተፈታ። መንጋጋዬ ተንገጫገጨ። እግሬ ሳላዘው ይዘላል። መቀመጥ አልቻልኩም። መቆምም አልቻልኩም። ባለቤቴን ማን እንደሆነ ጠየቅሁት አሉ። አላስታውስም።

የዚያን ጠዋት ነገር በኋላ የሰማሁት ነው። ጎረቤት ተሰብስቧል። አያ ደሴ ጫማውን አጥልቆ ቆሟል፤ እንዲህ የሚያንቀጠቅጥና የሚያስለፈልፍ መንፈስ ነው፣ እኛ ደጋ ያለው ጠበል ያስለቅቀዋል፣ መኪና ፈልጉልኝ ይላል። ጎረቤቱም ልክ ነው አለ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ባለቤቴን አየ፤ ካህን ነው፣ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። እሱ ግንባሬን ዳሰሰ።

«ጠበሉም ሐኪሙም የእግዜር ናቸው» አለ። «ቅርቡ ይቅደም።»

በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱኝ። ወደ ደጋው ወጥተን ቢሆን መንገድ ላይ ልቀር እችል እንደነበር ኋላ ተነግሮናል።

የተቀበለችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የእግሬን መዳፍ በእጇ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ያዘችው፤ እግሬ እጇ ላይ ብቻውን መምታት ጀመረ። የዓይኔን ብሌን አየች፣ ትኩሳቴን ለካች። ከዚያ ሰሞኑን አዲስ የዋጥኩት ነገር እንዳለ ጠየቀች። ባለቤቴ ፍሉኦክሲቲን እንደምውጥ ነገራት፤ አያ ደሴ ከኪሱ የቀረውን ትራማዶል አወጣላት።

«ይህ እብደት አይደለም» አለች። «ሁለቱ መድኃኒቶች ተጋጭተውባት ነው። ሴሮቶኒን ሲንድረም ይባላል።»

ፍሉኦክሲቲን አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋል። ትራማዶልም በኩሉ ከፍ ያደርጋል። በዚያ ላይ ፍሉኦክሲቲን ጉበት ትራማዶልን የሚያፈርስበትን መንገድ ይዘጋል። ለየብቻ የሚረዱ ሁለት መድኃኒቶች ሲገናኙ ሊገድሉ ይችላሉ። ሁለቱንም አቆሙብኝ፤ በደም ሥር ፈሳሽ ሰጡኝ፤ ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ወጉኝ፤ በቀዝቃዛ ጨርቅ አበረዱኝ። በማግስቱ መንቀጥቀጡ ጋብ አለ። ባለቤቴን በስሙ ጠራሁት፣ እሱም ፊቱን አዞረብኝ። እንባውን እንዳላይ ነው።

አያ ደሴ ክፍሉ በር ላይ መሬት ተቀምጦ በእጄ ገደልኳት እያለ ነበር። ሐኪሟ ወጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች፤ መድኃኒቱ ክፉ እንዳልነበር፣ ያንን ክኒን ለብቻው ውጬው ቢሆን ይህ እንደማይደርስ ነገረችው። እንኳን እሱ፣ ብዙ የተማረ ሰውም የተረፈ ክኒን ለዘመዱ እንደሚያካፍል ጨመረችለት። ስለዚህች ደግነቷ ብቻ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። የሴሮቶኒኑ ጣጣ የሰሞኑን ያስረዳ ነበር እንጂ እንደ ክረምት የረዘመውን ጨለማ አያስረዳም። ሐኪሟ ያበጠ ፊቴን፣ የደረቀ ቆዳዬንና አንገቴ ላይ ያለውን የቀዶ ጥገና ጠባሳ ስታይ ቆይታ የታይሮይድ ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ ቲኤስኤች የሚባለው ቁጥር ሰማይ ወጥቶ ተገኘ፤ ይህ ማለት ሰውነቴ ሆርሞን አጥቶ እየጮኸ ነው። ባለቤቴ ክኒኑን አንድም ቀን እንደማላጎድል ማለላት። እሷም አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ከእንቅልፌ ስነቃ ጀምሮ ምን እንደምውጥ፣ መቼና ከምን ጋር እንደምውጥ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ስለ እፍኙ ነገርኳት።

«ካልሲየሙ ሌቮታይሮክሲኑን ሆድሽ ውስጥ ይዞ አስቀርቶታል» አለችኝ። «ስትውጪው ኖረሻል፣ ወደ ደምሽ የገባው ግን ጥቂት ነው።»

ያ ሆርሞን ሲያንስ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻ ይቆረጥማል፣ አንጎልም ይደበዝዛል፤ ድብርት ያመጣል፣ ያለውንም ያከፋል። ሆርሞኑ ሳይስተካከል የድብርት መድኃኒት መጠን ቢጨመር ብዙ አይፈይድም። የእኔም ነገር እንዲህ ነበር፤ ቁርጥማቱም፣ ለቁርጥማቱ የዋጥኩት ትራማዶልም የመጣው ከዚሁ ነው። ለምን አንድ ላይ እንደምውጥ ስትጠይቀኝ ጾሙን አነሣሁባት። ሳቅ ብላ ለሌቮታይሮክሲን ከጾመኛ ሆድ የተሻለ ሆድ የለም አለችኝ። ጎሕ ሲቀድ እሱን በውኃ፣ ከቅዳሴ በኋላ ካልሲየሙን ከምግብ ጋር፤ ሥርዓቱ እንዲያውም ልክክ ይላል። የቀረኝ አንዲት ጉንጭ ውኃ ነበረች።

ስለ ውኃዋ ባለቤቴ የንስሐ አባቴን ይዟቸው መጣ። ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር አያበዙም።

«ልጄ፣ ስንቱን ታማሚ መድኃኒትህን በውኃ ዋጥ፣ ጾምህ አይፈርስም ብዬ ሰድጃለሁ» አሉኝ። «የቄስ ሚስት ስለሆንሽ መጠየቅ ቀረብሽ?»

መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

ማገገም ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው፣ ይህን የምታነቡ ሰዎች እንዳትቸኩሉበት እለምናለሁ። መጀመሪያ ሙቀቱ ተመለሰ፣ ጋቢዬን ትቼ በሹራብ ብቻ ስፌት ክፍሌ ደጃፍ መቀመጥ ቻልኩ፤ ከዚያ ድምፄ ጠራ፣ ከዚያ እንቅልፌ እንደ ሰው እንቅልፍ ሆነ። ፍሉኦክሲቲን ከሰውነት የሚወጣው በሳምንታት ስለሆነ የአእምሮ ሐኪሜ በትዕግሥት ጠብቆ፣ ከሆስፒታሏ ሐኪም ጋር ተመካክሮ ሰርትራሊን የሚባል ሌላ የድብርት መድኃኒት በትንሽ መጠን ጀመረልኝ። ሰርትራሊንም በአንዳንድ ሰው ላይ የታይሮይድ ሆርሞን ፍላጎትን ከፍ ሊያደርግ ይችላልና ደሜ እንደገና መታየት ነበረበት፤ ታየ፣ ሌቮታይሮክሲኑም ጥቂት ተጨመረ። ካልነገርኩት በስተቀር አንዱ ሐኪም የሌላውን መድኃኒት አያውቅም፤ አሁን ግን ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዤ ነው የምቀርበው።

መዳኔን መጀመሪያ ያወቀው አንድ ዲያቆን ነው። የሰፋሁለትን ቀሚስ አጠረ፣ እጅጌው ጠበበ፣ ክሩ ቀለሙ ሌላ ነው እያለ ቢያሰለቸኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልክ ልኩን ነገርኩት። ባለቤቴ በመንገድ ሲያልፍ ጩኸቴን ሰምቶ በሩ ላይ ቆመና ተመስገን አለ። ዲያቆኑ ለምን እንደሆነ አልገባውም። እኔ ለወራት ተቆጥቼ አላውቅም ነበር።

ሰኔ ገደማ ማኅሌት ክፍላቸው ፍየል ገብታ ደብተር እንደበላች ለአባቷ ስታወራ፣ የማን ፍየል ናት አልኳት ከጓዳ። ወሬዋን አቋረጠች። መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ አየችኝ፣ ከዚያ ወሬውን ከመጀመሪያው ለእኔ ጀመረችው። የፍየሏን ባለቤት እስከ ዛሬ አላወቅነውም።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ የድብርት መድኃኒት መዋጥ አያሳፍርም፤ እኔን ረድቶኛል። ግን ብቻውን አይኖርም። የሕመም ማስታገሻውን፣ የሳል ሽሮፑን፣ የወሊድ መከላከያውን፣ ከቅጠል የተቀመመውን ሳይቀር ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን የሚወስዱ ሴቶችም እንደ ፍሉኦክሲቲን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ታሞክሲፌኑን ሊያደክሙት እንደሚችሉ ሐኪሟ ነግራኛለችና ጠይቁ። በራሳችሁም ድንገት አታቁሙ። ምን እንደምትውጡ ብቻ ሳይሆን መቼና ከምን ጋር እንደሆነም ተናገሩ። የታዘዘላችሁን ሰዓት እምነታችሁ የሚከለክል ከመሰላችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ለሐኪሞቼ፣ ለአስታማሚዎቼ፣ ለአያ ደሴም ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ባለቤቴ በሚቀድስበት ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ቀዳሽ ነውና ጠብታ ውኃ አይነካም። ግን ከመውጣቱ በፊት በብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ይቀሰቅሰኛል፣ ክኒኗን መዳፌ ላይ ያኖራል፣ እስክውጣት ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ብርጭቆውን ተቀብሎኝ፣ ከንፈሩ እንደ ደረቀ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።