መዝሙር ነው ያልኩት ሲዲ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከፈርነሱ፣ ቤቱን ከሚያሞቀው ምድጃ፣ ጎን ተቀምጬ ነው። ካልጋሪ፣ ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ በቆርቆሮው በር ሽንቁር ሰማያዊው እሳት ቦግ ሲል በሚታይበት ጥግ፣ ጋሼ ወልዱ አንድ አልጋ፣ አንድ የጠረጴዛ መብራትና አንድ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ይዘው ይኖሩ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ የከተማው ሥራ የቀዘቀዘበት ጊዜ ነው። ቀን ቀን የሰፈሩ ፒክአፖች ሁሉ በየበሩ ቆመው ይውላሉ። አባዬ ቧንቧ ይበይድበት ከነበረው ድርጅት ሌይኦፍ ሆኖ፣ ከሥራ ተቀንሶ፣ ኤርድሪ ከሚባል ጎረቤት ከተማ መጋዘን በሳምንት ሦስት ቀን ሺፍት አግኝቶ ነበር፤ ቤዝመንቱን ማከራየት የጀመርነውም ያኔ ነው። አባዬ ዝም ያለውም ያኔ ነው። የቁጣ ዝምታ አልነበረም። ስታናግረው ከሌላ ክፍል እንደተጠራ ሰው ዘግይቶ «አቤት?» ይልሃል፤ በቃ።

ጋሼ ወልዱ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ የዕድሜያቸውን ግማሽ በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ያሳለፉ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ዓመት መርከባቸው ተበላሽታ ብሬታኝ በሚባለው የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ አንድ ሙሉ ክረምት ተቀምጠዋል። ያደሩባት ቤት ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ድንች ስትልጥ በፈረንሳይኛ ሳይሆን በራሷ በብሬቶን ቋንቋ ትዘፍናለች፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ታሪኩን በተሰባበረ ፈረንሳይኛና በእጇ ታስረዳቸዋለች። ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ ካልጋሪ፣ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ ራሷ ላይ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ የቆመ ነጭ ዳንቴል ያደረገች ዘፋኝ ሽፋኑ ላይ ያለችበት ሲዲ አገኙ። ወዲያው አወቅኳት ይሉኝ ነበር። ሴትዮዋን ሳይሆን ዳንቴሉን፤ ያቺ ድንች የምትልጠውም እንዲያ ያለውን ታደርግ ነበር። ከውስጡ ያለውን ወረቀት በእንግሊዝኛ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ዘፋኟ የአገሯን የብሬታኝንና የሕዝቧ ዘመድ የሆኑትን የአየርላንድንና የስኮትላንድን የቆዩ ዜማዎች ከአሮጊቶች አፍ ሰብስባ፣ እንዳይጠፉ ብላ ነው የዘፈነቻቸው ይላል።

አወራራቸው እንዲህ ነበር። ሲዲውን ይከፍቱና የመጀመሪያው ቃል እንደወጣ ፖዝ ያደርጉታል። ከዚያ መብራቱን ወደ ግድግዳው አዙረው ታሪኩን ይነግሩኛል። ሠርግ ላይ ከመጣው ወንድ ሁሉ ጋር ስትጨፍር አድራ የመጨረሻው ሰውዬ እጅ እንደ በረዶ ስለቀዘቀዘባት ልጅ፣ ጀልባውን ለማሰር የቤተ ክርስቲያን ደወል ገመድ ሰርቆ ጀልባው አልንቀሳቀስ ስላለው ዓሣ አጥማጅ። ሲጨርሱ «አሁን ስማት» ብለው ይለቁታል። እና ምን ልበላችሁ፣ ቋንቋውን አንድ ቃል ሳላውቅ ሁሉም ይገባኝ ነበር። በገና የሚመስለው መሣሪያ ሲመታ የጀልባው ገመድ ሲወጠር ይታየኛል። ትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ አርፌ የማልቀመጠው ልጅ፣ እዚያ ስሆን እግሬን ማወዛወዝ እንኳ እረሳ ነበር።

እማዬ ግን ጌታን የተቀበለች ሴት ናት፤ እኛ ቤት ዘፈን አይገባም። ከጋሼ ወልዱ በፊት የተከራየው ልጅ በሙዚቃ የተነሳ በሁለት ሳምንቱ እንዲወጣ ተደርጓል። ለጋሼ ወልዱ ሲጋራ፣ መጠጥና ዘፈን ክልክል መሆኑን ንገራቸው ብላ ለአባዬ ነግራው ነበር፤ አባዬ ያኔ በነበረበት ሁኔታ ሁለቱን ነግሯቸው ሦስተኛውን ረሳው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም። ከኛ ቤት ከወጡ ደግሞ ቤት የሌላቸው ከሚያድሩበት ሼልተር በቀር መሄጃ እንደሌላቸው አባዬ በስልክ ሲያወራ ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ጋሼ ወልዱ ቆሻሻ ሊጥሉ በወጡበት እማዬ የሚታጠብ ልብስ ይዛ ወረደች። ሲዲው እየዘፈነ ነው። ቅርጫቱን እንደታቀፈች ቆማ ሰማች፤ ከዚያ ሽፋኑን አንስታ ሰጠችኝ።

«እስቲ አንብበው፤ ምንድነው የሚለው?»

የሙሾና የጭፈራ ዜማዎች ይላል። ማምሻዎቼ ሁሉ በዚያ በቅርጫቱ ውስጥ ተጠቅልለው ሲወሰዱ ታየኝ።

«መዝሙር ነው» አልኳት።

ፊቷ በራ። እኚህ ሰውዬ ልባቸው ወደ ጌታ እየቀረበ ነው ማለት ነው ብላ እያመሰገነች ወጣች። ውሸት ልብስ ቢሆን ኖሮ እዚያው ማሽኑ ውስጥ እከተው ነበር። ግን አደገ። እማዬ ሩዝ ስታጥብ ዜማውን ማንጎራጎር ጀመረች። አብረዋት ለሚጸልዩት ለእትዬ አስካለ በስልክ ነገረቻቸው። በመጨረሻም በየሰዉ ቤት የሚዞረው የጸሎት ኅብረት ተራ ለኛ ሲደርስ፣ ጋሼ ወልዱን ከነሲዲያቸው ሳሎን ጋበዘቻቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰው መጣ። ከስምንቱ አራቱ ሥራ የፈቱ ነበሩ። ጋሼ ወልዱ ከረባት አስረው ወጡ፤ እግዜር ይስጣት፣ ሙዚቃዬን አክብራ ጠራችኝ ብለው ደስ ብሏቸዋል። እማዬ ሲዲውን ከፈተችው። ቀስ ያለው፣ በገናውና ሴትዮዋ ብቻ ያሉበት ዜማ ነበር። ኅብረቱን የሚመራው ባለታክሲው ወንድም ጌታቸው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ማጫወቻው እንዲቃጠል ከልቤ ጸለይኩ። ሲያልቅ ሁሉም «አሜን» አሉ፤ እማዬ ልታጠፋው ከመድረሷ በፊት ቀጣዩ ጀመረ። እንደ ጥሩንባ የሚጮህ ዋሽንትና ወለል የሚደበድብ ጫማ።

እትዬ አስካለ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ይሄኛው እንኳ እግር አለው» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሼ ወልዱ ዞረው፣ ምን እንደሚል ጠየቋቸው።

«የሠርግ ዘፈን ነው» አሉ ጋሼ ወልዱ።

«የቅድሙስ?»

«እሱም ዘፈን ነው እንጂ። ማን ምን አለ?»

እማዬ አጠፋችው። የቀድሞውን ተከራይ ያየችበትን ዓይን ጋሼ ወልዱ ላይ ሳየው ብድግ አልኩ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ከረባታቸውን ይነካካሉ። ቃሉ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነው ያመለጠኝ፤ ከዚያ በአማርኛ ደገምኩት። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ጋሼ ምንም አያውቁም። ክልክል መሆኑንም ማንም አልነገራቸውም።»

እማዬ ቀና ብላ አላየችኝም። ወንድም ጌታቸው፣ አሁን ሳስበው እማዬን ከእፍረት ለማዳን ይመስለኛል፣ ያ የቅድሙ ታዲያ ስለምንድነው ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ወልዱም ቤዝመንት እንደሚያደርጉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩት። አንድ ወደብ ነበር፤ ሰርዲን ከባሕሩ ጠፋ። በቆርቆሮ የሚያሽገው ፋብሪካ ተዘጋ። ጎህ ሳይቀድ ይወጡ የነበሩት ወንዶች ባሕሩን እያዩ የድንጋይ አጥር ላይ መዋል ጀመሩ። ሴቶቹ ግን በየቀኑ መረብ አውጥተው ይጠግናሉ፤ ቀዳዳው ሲያልቅባቸው ደህናውን ቋጠሮ ፈትተው መልሰው ያስራሉ። መንገደኛ ነጋዴ አይቶ ሳቀባቸው፣ ዓሣ በሌለበት መረብ ለምን አላቸው። አንዷ ቀና ብላ እንዲህ አለችው፣ «ዓሣው ሲመጣ ሰዎቻችን መረብ ፍለጋ እንዳይቆሙ።» ዘፈኑ ይሄ ነው አሉ።

አባዬ በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሳይጠየቅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ታዲያ ዓሣው መጣ?» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። «ዘፈኑ አይናገርም» አሉ ጋሼ ወልዱ። «እኔ ስደርስ ግን ወደቡ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አስካለ ናቸው። ከዚያ አባዬ ሳቀ፤ የሳቁን ድምፅ ረስቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ጸሎቱ ስለ ሥራ ሆነ፤ አባዬም አፉን ከፍቶ ጸለየ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እየሮጥኩ ወረድኩ። ጋሼ ወልዱ ሸሚዛቸውን እያጠፉ ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ። አልተቆጡኝም፤ ያን ቻርጀር አቀብለኝ ብቻ አሉኝ። ልሰጣቸው አልቻልኩም፤ ይዤው ቆምኩ። የእማዬ እግር ደረጃው ላይ ተሰማ። ወርዳ ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ ወልዱ፣ ልብሱን ይመልሱት» አለች። «ያቺን የመረቧን ደግመው ይክፈቱልኝ። ያቺን እግር ያላትን ግን እኔ ሺፍት ስሄድ ያድርጉት።»

እሳቸው ስቀው ሻንጣውን በእግራቸው አልጋ ሥር ገፉት። እኔም ቻርጀሩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ ካንተ ጋር ገና አልጨረስኩም አለችኝ። አልጨረሰችምም፤ አንድ ወር ሙሉ ቀጣችኝ። ምንም አልመሰለኝም።

ጋሼ ወልዱ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረውን ኖሩ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርቱን ተውኩ፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስዘል ከተረቶቹ ግማሾቹ ጠፍተውኛል። ባለፈው ክረምት ኮክረን በሚባል ከተማ የሰው ቤት ጣሪያ ስንሠራ እግሬ ኮርኒሱን በስቶ ወረደ። አብሮኝ ከሚሠራው ልጅ በቀር ያየኝ ሰው አልነበረም፤ እሱም ቀዳዳው ላይ ቦርድ ገፋ አድርግበት፣ ማን ያውቃል አለኝ። እዚያው በርከክ ብዬ ለአለቃዬ ደወልኩ። ጥሩ ልጅ ሆኜ አይደለም፤ የሚያውቁኝ ያውቁኛል። ግን እውነቱ ተነግሮ ማንም ከቤት ያልወጣበትን አንድ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ።